ትርፍ አጣልቶን ኪሳራ አስታረቀን

ሐምሌ ሲገባ ጡረታ ወጣሁ። የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ምሳ ጋበዙኝ፤ አንድ ጋቢና አንድ የግድግዳ ሰዓትም ሰጡኝ። ጋቢው ለብርድ ነው። ሰዓቱ ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ከእንግዲህ የምዘገይበት ቦታ የለኝም። በማግሥቱ እንደ ልማዴ ማለዳ ተነሥቼ ጸለይኩ፣ ቁርስ አቀረብኩ፣ ቦርሳዬን አንሥቼ በሩ ላይ ደረስኩ።

"ወዴት ነው?" አለኝ ባለቤቴ ታደሰ።

ቆሜ አሰብኩ። "ገበያ" አልኩት።

"ገበያው ሐሙስ ነው። ዛሬ ማክሰኞ ነው።"

ቦርሳውን መልሼ ሰቀልኩት። ሁለታችንም ሳቅን።

ያን ሰሞን ትንሿ ልጄ ቤቴል ልትጠይቀን መጣች። እሷ ነርስ ናት። "እማ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ግን በትክክል ምን ነበር የምትሠሪው?" አለችኝ።

"የትርፍና ኪሳራ መግለጫ አዘጋጅ ነበር።"

"እሱን ሰምቻለሁ። ምንድን ነው?"

ያስተማርኳት በእሱ ደመወዝ ነው፤ ምን እንደሆነ ግን አስረድቻት አላውቅም። ብዙ መናገር አልወድም። ስለዚህ ልጽፍላት ተቀመጥኩ፤ ሌላም ሰው ቢያነበው አይጎዳም።

ነገሩ ቀላል ነው። አንድ የንግድ ቤት ዓመቱን ሙሉ ሲገዛና ሲሸጥ ከርሞ ሰኔ ሠላሳ ላይ ይቆማል። ዞር ብሎም "በዚህ ዓመት ጨመርን ወይስ ቀነስን?" ብሎ ይጠይቃል። መልሱ ያ ወረቀት ነው። ከላይ የተሸጠው ይጻፋል። ከሥሩ ያንኑ የተሸጠውን ዕቃ ለማግኘት የወጣው ይቀነሳል። ቀጥሎ ደመወዙ፣ ኪራዩ፣ ነዳጁ፣ የባንክ ወለዱ ይቀነሳል። ከታች የሚቀረው ትርፍ ነው፤ ወይም ኪሳራ ነው። ይህን ለመማር አንድ ሳምንት ይበቃል። ለመረዳት ግን እኔ አንድ ሽማግሌና አንድ መጋዘን አስፈልገውኛል።

ሽማግሌው ጋሽ ሱልጣን ናቸው። ከንግድ ትምህርት ቤት ወጥቼ መጀመሪያ የተቀጠርኩት ጅማ ሂርማታ ገበያ አጠገብ ከነበረ የቡና ነጋዴ ቤት ነበር። ባለቤቱን ሁሉም ሰው ሐጂ ይላቸው ነበር፤ እኔም እዚህ ሐጂ እላቸዋለሁ። ጋሽ ሱልጣን የቤቱ ሒሳብ ሹም ነበሩ። ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው። እርሳሳቸውን በምላጭ ይቀርጻሉ፤ መጀመሪያ በእርሳስ ጽፈው፣ አድረው፣ በማግሥቱ በእስክሪብቶ ይደግሙታል። ሻይ ያለ ዝንጅብል አይጠጡም። እኔም ዝምተኛ ስለሆንኩ ተስማማን። አንዳንድ ቀን ከጠዋት እስከ ምሳ "እንደምን አደሩ" እና "ልጄ፣ መስኮቱን ዝጊው" ብቻ ተባብለን እንውላለን።

እሳቸው ሙስሊም ናቸው፤ እኔ ደግሞ ከሆሳዕና መጥተው ጅማ ቦሳ አዲስ በሚባለው ሰፈር የገቡ የጴንጤ ቤተሰብ ልጅ ነኝ። በመጀመሪያው ረመዳን አብሬያቸው ስሠራ ምሳዬን በቦርሳዬ ይዤ ውዬ ሳልበላው እመለስ ነበር። በሦስተኛው ቀን እርሳሳቸውን አስቀመጡ።

"ምሳሽ የታለ?"

"አልራበኝም ጋሼ።"

"የጾምኩት እኔ ነኝ፤ ድምሩ ላይ የተሳሳትሽው ግን አንቺ ነሽ። ሂጂ ብዪና ነይ።"

የመጀመሪያውን የዓመት መዝጊያ ሠርቼ አቀረብኩላቸው። መግለጫው ከባድ ኪሳራ ያሳያል። ለሐጂ ማን ሊነግራቸው ነው እያልኩ እጨነቃለሁ። ጋሽ ሱልጣን ወረቀቱን ተቀበሉኝ፤ የመጨረሻውን መስመር ግን አላዩትም። መዳፋቸውን ጫኑበትና ከላይ ጀመሩ። ሁልጊዜም እንዲህ ነበሩ። "ከታች የጀመረ ሰው ወይ ይደሰታል ወይ ይደነግጣል፤ ሁለቱም አይኑን ይጋርዱታል" ይሉ ነበር።

"ቡናው የት ነው?" አሉኝ።

"የቱ ቡና?"

"ያልሸጥነው።"

"መጋዘን ነው።"

"አይተሽዋል?"

"የክምችት ካርዱ ላይ አለ ጋሼ።"

"ስለ ካርዱ አልጠየቅኩሽም።"

ተነሥተው ወጡ፤ ተከተልኳቸው። መጋዘኑ ውስጥ ጆንያው እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። ከመሐል አንዱን አስወርደው አፉን ፈቱ። ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው ሰደዱና ከሥር አንድ እፍኝ ቡና አወጡ። ከላይ ያለውን አይደለም፤ ከሥር ያለውን። አሸተቱት። ከዚያ አንዷን ፍሬ በጥርሳቸው ነከሱ።

"ስሚ። ቀጭ ካለ ደርቋል። ጥርስ ከተቀበለ ገና ነው። ገና ከሆነ ሲደርቅ ኪሎው ይወርዳል፤ ያኔ አንቺ የጻፍሽው ክምችት እውነት አይሆንም።" ፍሬውን ተፉት። "አሁን ንገሪኝ። በዚህ ዓመት የገዛነውን ቡና በሙሉ ወጪ ብለሽ ጽፈሻል። የሸጥነው ግን ይህ እዚህ የተኛው ሲቀር ነው። የተኛውን ቡና ዋጋ በተሸጠው ላይ ለምን ትጭኚበታለሽ? ምን አደረገሽ?"

ወደ ጠረጴዛዬ ተመለስኩና በመጋዘን ያለውን ቡና ከግዢው ላይ ቀነስኩ። ኪሳራው ጠፋ፤ ደህና ትርፍ ሆነ። እየሮጥኩ ነገርኳቸው። "አልሐምዱሊላህ" አሉ፣ ድምፃቸውን ከፍም ዝቅም ሳያደርጉ። ከዓመታት በኋላ እውነተኛ ኪሳራ ሳመጣላቸውም በዚያው ድምፅ "አልሐምዱሊላህ" አሉ። እኔ ለትርፍ ብቻ ነበር ጌታን የማመሰግነው። ከእሳቸው በኋላ ለሁለቱም አመሰግናለሁ።

ሐጂ ደግሞ ሌላ ሰው ነበሩ። ድምፃቸው ከመንገድ ይሰማል። ትርፍ ማለት ለእሳቸው ካዝና ውስጥ ያለ ብር ነው። አንድ ዓመት አተረፉ ብዬ ወረቀቱን ስሰጣቸው ካዝናውን ከፍተው አሳዩኝ።

"ባዶ ነው። አንቺ ልጅ፣ ትርፌን ወዴት አደረግሽው?"

"ትርፍዎ በር ላይ ቆሟል ሐጂ።"

በዚያው ዓመት የገዙት አይሱዙ በር ላይ ቆሞ ነበር። በመስኮት አዩት።

"እሱ መኪና ነው።"

"በትርፍዎ ነው የገዙት። ብሩ መኪና ሆነ እንጂ አልጠፋም።"

"እና ይህ ደግሞ ምንድን ነው? የእርጅና ቅናሽ የሚለው?"

"መኪናው በየዓመቱ ያረጃል። ያረጀው ያህል በወጪ ይያዛል።"

"ቆሞም ያረጃል?"

"ቆሞም ያረጃል።"

"እንደ እኔ ማለት ነዋ።"

ጋሽ ሱልጣን ራሳቸውን ሳያነሡ "እርስዎ አልተቀነሰልዎትም እንጂ" አሉ። ሐጂ እስኪያለቅሱ ሳቁ። ከዚያ ወዲህ የእርጅና ቅናሽ ላይ ስንደርስ "የእኔ መስመር መጣ" ይሉ ነበር።

በዚያ ቤት ስሠራ ሦስት ልጆች ወለድኩ። ደመወዙ ትንሽ ነበር፤ ታደሰ አናጢ ነው፣ የእሱም ተጨምሮ አልጎደለብንም። ሐጂ ሲያርፉ ልጆቻቸው ንግዱን ወደ አዲስ አበባ ወሰዱት። ጋሽ ሱልጣን ጡረታ ወጥተው ከከተማው በላይ ጅሬን ቤታቸው ገቡ። እኔ አንድ የዱቄት ፋብሪካ ገባሁ። ሥራ አስኪያጁ የመጨረሻውን ቁጥር ብቻ አይቶ የሚፈርም ሰው ነበር። ጥሩ ከሆነ ፈርሞ ሻይ ይጋብዘናል፤ መጥፎ ከሆነ ፈርሞ ምሳ ሳይበላ ይውላል። በመካከል ያለውን አንድም ቀን አልጠየቀኝም። ከዚያ ቤት የማስታውሰው ዱቄቱን ነው፤ ቀሚሴ ላይ።

ልጆቹ ከፍ ሲሉ ከሊሙ ገነት ወዲያ ያለ አንድ የቡና አምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ሒሳብ ሠራተኛ ፈለገ። ስሙን አልጠራም፤ ዛሬም አለ፣ ሰዎቹም አሉ። ሰኞ በሚኒባስ እሄዳለሁ፣ ዓርብ እመለሳለሁ። ታደሰ ለቢሮዬ ጠረጴዛ ሠራልኝ፤ በአይሱዙ ጭኖ አመጣውና እግሩን አስተካክሎ ተመለሰ።

ማኅበሩ የራሱ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ነበረው። በለቀማ ወቅት አባላቱ ቀዩን እሸት ቡና ያመጣሉ። ይመዘናል፣ የመጀመሪያ ክፍያ ይከፈላቸዋል። ማሽኑ ቀዩን ልጣጭ ይፈለፍላል፣ ፍሬው በገንዳ አድሮ ይታጠባል፣ ከዚያ በወንፊት አልጋ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል። አልጋው ላይ የተበላሸውን እየለቀሙ የሚያወጡት ሴቶች ናቸው። ብዙዎቹ ልጆቻቸውን ብቻቸውን የሚያሳድጉ ነበሩ። ቡናው ሲሸጥ ደግሞ ከትርፉ ለአባላቱ ሁለተኛ ክፍያ ይከፈላል። የደብተርና የዩኒፎርም ገንዘብ እሱ ነበር።

የመጀመሪያ ዓመቴ መልካም ነበር። በመስከረም ጠቅላላ ጉባኤ ላይ መግለጫውን ይዤ ቆምኩ። አባላቱ ትልቁ ዋርካ ሥር በእንጨት አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ሊቀመንበሩ ወደ ኦሮምኛ ይመልስልኛል። በደንብ ተዘጋጅቼ ነበር። ሽያጩን፣ የተሸጠውን ዕቃ ዋጋ፣ ጥቅል ትርፉን፣ የሥራ ማስኬጃ ወጪውን፣ የተጣራውን ትርፍ አነበብኩ። ሁሉም ትክክል ነበር። ጭብጨባ ጠበቅኩ።

አባ ረጋ የሚባሉ ሽማግሌ በዱላቸው ተደግፈው ተነሡ። በአካባቢው የተከበሩ ገበሬ ናቸው፤ ምላሳቸው ግን ይቆርጣል።

"አንድ ጥያቄ አለኝ" አሉ። "ሦስት ፈረሱላ እሸት ስናሰጣ አንድ ፈረሱላ ደረቅ ይወጣዋል። አባቴም እንዲሁ ቆጠረ፣ የእሱም አባት። በእናንተ ጣቢያ ስድስቱ ነው አንድ የሆነው። ግማሹን ማን በላው?"

ፈረሱላ አሥራ ሰባት ኪሎ ነው፤ ቡናችን ሁሉ የሚቆጠረው በእሱ ነው።

"ማንም አልበላውም አባ ረጋ" አልኳቸው። "በማጠቢያ ጣቢያ ከስድስት አንድ ነው የሚጠበቀው። መመሪያው ላይ አለ።"

"መመሪያው ቡና ተክሎ ያውቃል?"

ጉባኤው ሳቀ።

"ማሽኑ ይሆናላ የበላው" አለ አንዱ ከኋላ።

"ማሽን የሚበላው ናፍጣ ነው። ቡና የሚበላው ሰው ነው።" ወደ እኔ ዞሩ። "ልጄ፣ አተረፋችሁ ትይናለሽ። ግማሹ ቡናችን ጠፍቶ ካተረፍን፣ ባይጠፋማ ኖሮ ዛሬ ባለ ፎቅ ነበርን።"

መልስ ነበረኝ፤ ግን መልሴ ሁሉ ወረቀት ነበር። ወረቀቱን ከፍ ባደረግኩ ቁጥር ፊታቸው ይዘጋል። አንዲት ሴት የያዝኩትን ቦርሳ ስታየው አየሁ። ያን አስተያየት እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ጉባኤው መግለጫውን ሳያጸድቅ ተነሣ። አንድ ነጋዴ ጣቢያውን ለረጅም ዓመት ልከራየው እያለ ይመላለስ ነበር። "በሚመጣው መስከረም ድምፅ እንሰጥበታለን፤ ነገሩ ካልተስተካከለ ይከራያል" ተባለ። ነጋዴው የራሱን ሠራተኞች ይዞ እንደሚመጣ ሁሉም ያውቃል። ያኔ አልጋው ላይ የሚለቅሙት ሴቶች ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ፤ ሁለተኛ ክፍያ የሚባልም አይኖርም። ይህን ሁሉ ያመጣው ትርፍ የሚያሳይ ትክክለኛ መግለጫ ነው።

ለቀማው ሲጀመር ጣቢያው ጭር አለ። ከአባላቱ ግማሽ ያህሉ እሸታቸውን ቤታቸው አሰጡ፤ ወይም መንገድ ዳር ሸጡ። ገንዳው እስከ ግማሹ እንኳ አልሞላም። ጥበቃው ግን ግማሽ ቡና መጣ ብሎ ግማሽ ሌሊት አያድርም። ማሽኑ ያው ናፍጣውን ይጠጣል፤ የብድሩ ወለድ ያው ነው። ያልሠራሁት መግለጫ የመጨረሻው መስመር ገና በኅዳር ይታየኝ ነበር።

በዚያ ሳምንት ዓርብ ጅማ እንደገባሁ ቤቴ ሳልደርስ ወደ ጅሬን ወጣሁ። ጋሽ ሱልጣን አጥራቸው ሥር ተቀምጠው ሻያቸውን ይጠጣሉ። ሁሉንም ነገርኳቸው። እስክጨርስ አላቋረጡኝም።

"ቡናውን አይተውታል?" አሉ።

"መግለጫውን አሳየኋቸው። የመመሪያውን ገጽም..."

"አስቴር፣ ስለ ቡናው ነው የጠየቅኩሽ።"

"አላዩትም።"

"እሸቱን አስረክበው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ለእነሱ ወረቀት ነው። አንቺን ወረቀት እመኚ ብልሽ ታምኚኝ ነበር?"

"እጅዎን ጆንያ ውስጥ ሲከቱ ነው ያመንኩት።"

"እንግዲህ ምን ትጠይቂኛለሽ? ሻይ ትጠጫለሽ?"

ጠጣሁ። ሰኞ ተመልሼ በቀጥታ አባ ረጋ ቤት ሄድኩ። ጊቢያቸው ውስጥ ቡና እያሰጡ አገኘኋቸው። ሚስታቸው አዴ ሐሊማ ከዘራ ይዘው ዶሮ ያባርራሉ።

"ሌባዋ መጣች" አሉ አባ ረጋ፤ ግን ወንበር አቀረቡልኝ።

"አባ ረጋ፣ ከራስዎ ቡና እኩል እኩል ሁለት ቅርጫት ይመዝኑ። አንዱን እዚህ እንደ አባትዎ ያስጡት። ሌላውን ጣቢያ ይዘው ይምጡና እኔ ዘንድ ይታጠብ። ከማሽኑ ጀምሮ እስኪደርቅ ከአጠገቡ አይነሡ።"

"እኔ ራሴ ልጠብቀው?"

"እርስዎ ራስዎ።"

"ካሸነፍኩስ?"

"እኔ ሥራዬን ለቅቄ እሄዳለሁ።"

አዴ ሐሊማ ቀና ብለው አዩኝ። "ይቺ ልጅ ልጆች የሏትም እንዴ?" አሉ።

ልጆች ነበሩኝ። ይህን ለታደሰ የነገርኩት ዓርብ ነው። ትንሽ አሰበና "ጠረጴዛውን ግን ይዘሽ ትመለሻለሽ" አለኝ። አብረን ጸለይን፤ ከዚያ በኋላ ፍርሃቱ ቀለለኝ።

በየቅርጫቱ አሥራ ስምንት ኪሎ ተመዘነ። አባ ረጋ ማሽኑ አፍ ላይ ቆመው የሚወጣውን ልጣጭ ሳይቀር አስመዘኑ። ፍሬው ገንዳ ገባ፤ ከገንዳው አልተለዩም። ታጥቦ አልጋ ላይ ሲወጣ ዙሪያውን በክር አጠሩት፤ ልጃቸው ምሳ ያመጣላቸዋል፤ ሲሰግዱ እንኳ አልጋው በሚታያቸው በኩል ነው ምንጣፋቸውን የሚያነጥፉት። የሚለቅሙት ሴቶች መጀመሪያ ሳቁባቸው፤ ኋላ ለመዷቸው።

"አባ ረጋ፣ ቡናው አምልጦ እንዳይሄድ እግሩን እሰሩት" ትላለች አንዷ።

"አንቺ ነሽ እጅሽ መታሰር ያለበት። ቅድም አንድ ፍሬ ወረወርሽ።"

"ነቀዝ የበላውን ነው።"

"ነቀዝ የበላውም ይመዘናል።"

እውነታቸውን ነው፤ የተጣለው ሁሉ በአንድ ጣሳ ተጠራቀመና ተመዘነ። ጋሽ ሱልጣን ቢያዩዋቸው በወደዷቸው።

የታጠበው ቶሎ ደረቀ። ስንመዝነው ከነስስ ገለፈቱ ከሦስት ኪሎ ጥቂት የበለጠ ሆነ። አባ ረጋ ዱላቸውን መሬት መቱ። "ይኸው። የእኔ ስድስት ነው የሚሆነው። ጠረጴዛሽን ማን ይጭንልሻል?"

ጊቢያቸው ያለው እስኪደርቅ ሌላ ሁለት ሳምንት ጠበቅን። ሚዛኑን ተሸክመን ሊቀመንበሩ፣ እኔና ሌሎች ጥቂት አባላት ቤታቸው ሄድን። ጀንፈሉ፣ ማለትም ከነልጣጩ የደረቀው ቡና፣ ተመዘነ። ልክ ስድስት ኪሎ። አባ ረጋ ዞር ዞር ብለው ሰዉን አዩ። እንዳሸነፈ ሰው ነበር አቋቋማቸው።

እኔ የሚቀጥለውን ልናገር ስል አዴ ሐሊማ ቀደሙኝ።

"አንተ ሰውዬ፣ ጀንፈል ትጠጣለህ እንዴ?"

"ምን ማለትሽ ነው?"

"ስቆላልህ ከነልጣጩ ነው የምቆላልህ?" ሙቀጫቸውን ጎትተው አመጡ። "አምጣው።"

እየተፈራረቁ ወቀጡት። ልጃቸው ወቀጠ፣ ሊቀመንበሩ ወቀጠ፣ እኔም ወቀጥኩ። አዴ ሐሊማ በሰፌድ እያነፈሱ ልጣጩን ለየት፣ ፍሬውን ለየት አደረጉ። ደረቁ ልጣጭ ብቻውን ትልቅ ክምር ሆነ። የታጠበውንም ስሱን ገለፈት አላቀን አነፈስነው። ከዚያ ሁለቱን ንጹሕ ፍሬ ጎን ለጎን አስቀምጠን መዘንን።

ሁለቱም ሦስት ኪሎ ሊሞሉ ጥቂት የጎደሉ ነበሩ።

አባ ረጋ ከአንዱ እፍኝ ዘገኑ፣ ከሌላውም ዘገኑ፤ በሁለት እጃቸው ይዘው ቆዩ።

"ልጣጩን ነው እንዴ ስቆጥር የኖርኩት?" አሉ ቀስ ብለው።

"እርስዎ ብቻ አይደሉም" አልኳቸው። "ከነልጣጩ ስለሚሸጡት ሲወልቅ አያዩትም። ጣቢያው አስቀድሞ ያወልቀዋል። ቡናው ያው ነው። የታጠበው ግን በኪሎ የሚሸጥበት ዋጋ ይበልጣል፤ የአምናው ትርፍ ከዚያ ነው የመጣው።"

"ይህን ባለፈው ለምን አልነገርሽንም?"

"ነግሬያችሁ ነበር አባ ረጋ።"

"አልነገርሽንም። አነበብሽልን።"

ይህን ቃል እስከ ጡረታዬ ድረስ አልተውኩትም።

ከዚያ በኋላ አባ ረጋ በየሳምንቱ ቢሮዬ ይመጡ ጀመር። መግለጫውን መስመር በመስመር በኦሮምኛ እንነጋገርበታለን። የእኔ ኦሮምኛ የገበያ ኦሮምኛ ነው፤ እሳቸው እየሳቁ ያርሙኛል። እኔም ሒሳባቸውን አርማለሁ። የለቀማው ወቅት ግን አልፎ ነበር፤ የቀረው እሸት ቀርቷል። ሰኔ ሠላሳ ላይ መጋዘን ገብተን አብረን እጃችንን ጆንያ ውስጥ ከተን ዓመቱን ዘጋን። ኪሳራ ነበር። በዚያ ማኅበር የጻፍኩት ብቸኛው ኪሳራ እሱ ነው።

ታደሰ "እንግዲህ አለቀላችሁ" አለኝ። "ትርፍ ስታሳዪያቸው ከተነሡብሽ፣ በኪሳራውማ..." ሳይጨርሰው ተወው። እኔም እንደዚያው ፈርቼ ነበር። ነጋዴው ውሉን አዘጋጅቶ መስከረም ላይ ራሱ መጥቶ ከዋርካው ወዲያ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

ልነሣ ስል አባ ረጋ "ተቀመጪ" አሉኝ። ወረቀቱን ከእጄ ወስደው መሐል ቆሙ። በጣታቸው ከላይ እየጀመሩ በራሳቸው ቋንቋ አስረዱ።

"ይህ የሸጥነው ነው። ከአምናው ግማሽ ነው። ለምን? ግማሹን እሸት ቤታችን ስላስቀረን። ይህ ለዚያ ለሸጥነው እሸት የከፈልነው ነው፤ እሱም ግማሽ ነው። እስከዚህ ድረስ አተረፍን። አሁን ተመልከቱ፤ ይህ ጥበቃ ነው። ግማሽ ሆነ?"

"አልሆነም" አሉ ከፊት ያሉት።

"ናፍጣው?"

"ጥቂት ቀነሰ" አለ ማሽን የሚያንቀሳቅሰው።

"የብድሩ ወለድ?"

"እሱማ ያው ነው" አለ ሊቀመንበሩ።

"እሱ ቡና ቢመጣ ባይመጣ ግድ የለውም። ስለዚህ ከሰርን። ቡና አልጠፋም፣ ብር አልጠፋም። የጠፋነው እኛ ነን።"

"አባ ረጋ፣ አምና ጠፋ ያልከን አንተ አልነበርክም?" አለ አንድ ገበሬ ከኋላ።

"እኔ ነበርኩ። ዘንድሮ ተገኘ የምላችሁም እኔ ነኝ። ያጠፋውም ያገኘውም አንድ ሰው በመሆኑ ወጪ ቀነስኩላችሁ።"

ጉባኤው በሳቅ ፈረሰ። ሊቀመንበሩ ድምፅ አስቆጠረ። ጣቢያው ይከራይ የሚል እጅ ጥቂት ነበር፤ አይከራይ የሚለው ግን ዋርካው ሥር ያለውን ሁሉ ሞላው። ከዳር የቆሙት ለቃሚ ሴቶች አባል ስላልሆኑ እጅ አያወጡም፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቆመው ነበር። የነጋዴው መኪና ሲነሣ ሰማሁ። በልቤ ጌታን አመሰገንኩት፤ ኪሳራ ስለ ጻፍኩበት ቀንም አመሰገንኩት።

በሚቀጥለው ለቀማ ገንዳው ሞላ። ሁለተኛ ክፍያው ተከፈለ። እኔም እስከዚህ ሐምሌ ድረስ እዚያው ሠራሁ፤ ጠረጴዛውን ለተተካችው ልጅ ትቼላት መጣሁ።

ግን ያን ቀን ጉባኤው ከተበተነ በኋላ የሆነውን ልንገርሽ ቤቴል፣ ጥያቄሽን ከእኔ ይልቅ የመለሰው እሱ ነው። ወረቀቶቼን እየሰበሰብኩ ሳለ አባ ረጋ መጡና አጠገቤ ተቀመጡ።

"ልጄ፣ አንድ የረሳነው ነገር አለ።"

"ምንድን ነው?"

"ያን ቡና እስኪደርቅ ቀን ከሌት የጠበቅኩት። ጥበቃው ይከፈለዋል። የእኔስ?"

"ልክ ነዎት። ማኅበሩ ይከፍልዎታል። የክፍያ ማዘዣ አዘጋጃለሁ።"

"የት ላይ ይጻፋል?"

"ከወጪው ላይ። ከጥበቃው መስመር ጋር።"

ወረቀቱን ከእጄ ተቀብለው ያንን መስመር ፈለጉት። ከዚያ ጣታቸውን ቀስ እያደረጉ እስከ ታች አወረዱት።

"እዚያ ሲጨምር፣ ይሄ ኪሳራው ይጨምራል?"

"ይጨምራል።"

ጥቂት አሰቡ። ወረቀቱን መለሱልኝና ዱላቸውን ይዘው ተነሡ።

"ተዪው" አሉ። "ከገዛ ቤቱ ማን ይሰርቃል?"